እሳት ዳር

አንድ ስሕተት አለብኝ፤ ዛሬ ላርመው ነው። የጋዜጣ ስሕተት ቢሆን ኖሮ በሁለት መስመር «እርማት» ብዬ፣ አንባቢን ይቅርታ ጠይቄ አልፈው ነበር። የእኔ ግን የክፍል ውስጥ ስሕተት ነው። በጠመኔ የተጻፈ። ጠመኔ ደግሞ ከሰሌዳ ላይ በዳስተር ይጠፋል፤ ከተማሪ ልብ ላይ ግን … በምን ታጠፋዋለህ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ስለ ደራስያንና ሠዓልያን ሕይወት የማወራበት አንድ ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። ተማሪዎቼ ይወዱት ነበር። እውነቱን ለመናገር ከእነሱ ይልቅ እኔ ነበርኩ የምወደው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ እጀምራለሁ። ጆሮውን ከቆረጠው ከቫን ጎህ እነሳና፣ ራሳቸውን ባጠፉት በቨርጂኒያ ዉልፍና በኧርነስት ሄሚንግዌይ በኩል አልፌ ወደ አገር ቤት እመለሳለሁ። በሰው አገር የሞተውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን፣ ወጥቶ የቀረውን በዓሉ ግርማን እጠራለሁ። ጥንት በአርስቶትል ስም ከተላለፈልን መጽሐፍ ውስጥ፣ ታላላቅ ሰዎችን ትካዜ ለምን እንደሚያጠቃቸው የሚጠይቀውን ቦታ አነሳለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከኋላ ወንበር ያለች አንዲት ልጅ ዓይኗን ትጠርጋለች። ይኼኔ ዞር እልና ሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል እጽፋለሁ፦ «ሐዘን የጥበብ እናት ናት።»

ተማሪ ይገለብጣል። ሥራው ነው።

በ1997 ዓ.ም. ከገለበጡት አንዱ የመዘዞ ልጅ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጓደኞቹ «መንዜው» እያሉ የሚቀልዱበት። ግጥም ይጽፋል። መቼም በእኔ እጅ ያለፈ የተማሪ ግጥም ቢቆጠር የትየለሌ ነው፤ አብዛኛው አርመህ ስትመልሰው አብሮ ይረሳል። የዚህን ልጅ ግን ቤት ይዤው እሄድ ነበር። ባለቤቴ «ዛሬስ መንዜው ምን አለ?» ትለኛለች። እንዲህ ያለ ልጅ ነበር።

ከዚያ ተመረቀ። ተለያየን። እኔም ማስተማሩን ተውኩ።

* * *

ጥር 2012 ዓ.ም. አንድ የዚያው ክፍል ተማሪ ደወለልኝ። የመንዜው አባት ማረፋቸውን ነገረኝ። «ለቅሶ ልንደርስ ነው፤ መኪና ላይ ቦታ አለ» አለኝ። «ለመሆኑ አሁንም ይጽፋል?» አልኩት። «አይ መምህር …» አለና ዝም አለ። ዝምታው ደስ አላለኝም።

በደብረ ብርሃን በኩል ወጣን። ጣርማበር ላይ ወደ መንዝ የሚወስደው መንገድ ከደሴው ይለያል። ከመታጠፋችን በፊት ወርደን ገደሉን አየን። እዚያ ላይ ቆሞ ያላየ ሰው «ቁልቁል» የሚለውን ቃል ያውቀዋል ለማለት ይከብደኛል። ታች ደብረ ሲና፤ ወዲያ ደግሞ የአርማንያ አገር። ዳኛቸው ወርቁ የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው፤ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመውም «አደፍርስ» ታሪኩ የሚኖረው እዚያው ነው። የድሮ መምህር መቼም ልማዱ አይለቀውም … ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ ሌክቸር ጀመርኩ። መጽሐፉ እንደወጣ «ከባድ ነው» መባሉን፣ የዘመኑ አንባቢ እንዳልተረዳው፣ ደራሲው ቅር እንደተሰኘ … በክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበር የማስተምረው። በንግግሬ መሀል አንዲት ሐሳብ ውልብ አለችብኝ። «አደፍርስ»ን የጻፈው የደራሲው ቅሬታ አልነበረም፤ ቅሬታውማ የመጣው ከመጽሐፉ በኋላ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ጆሮው ነው። ያ የገጠር ሰው ንግግር፣ ያ ተረትና ምሳሌ፣ ያ እርግማንና ምርቃት ቁጭ ብሎ በትዕግሥት ሲደመጥ ነው የተሰበሰበው። ያንን ሁሉ ዓመት ስለ ዳኛቸው ሐዘን ሳስተምር ስለ ዳኛቸው ሥራ ስንት ደቂቃ አወራሁ? ሐሳቡን ብርዱ አስጣለኝና መኪና ውስጥ ገባን።

* * *

መዘዞ ደጋ ነው፤ የጥር ውርጭ ያለበት ደጋ። ድንኳኑ ሥር ንፍሮው ይዞራል፤ ሰው በጋቢውና በባናው ተጠቅልሎ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቷል። ሟቹ ባና ሠሪ ነበሩ። ያ አገር በግ አርቢ ነው፤ ሴቶቹ የበጉን ፀጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሠሩታል። ድንኳኑ ውስጥ ከነበረው ባና ስንቱ የእሳቸው እጅ ሥራ እንደነበር እንጃ።

አልቃሿ ከሰማንያ የማይተናነሱ ሴት ናቸው። ብድግ ሲሉ ድንኳኑ ጸጥ አለ። ብዙ አሉ፤ እኔ የያዝኩት አንዷን ብቻ ነው፦

«ሰፈሩን በሙሉ ባና አልብሶ ሲያድር፣
እሱን አለበሱት የመዘዞን አፈር።»

ሰው እዬዬ አለ። እኔም አለቀስኩ፤ ሰውዬውን አላውቃቸውም እኮ! እሳቸው ግን ዓይናቸው ደረቅ ነው። እያንዳንዷን ቤት ከጣሉ በኋላ የሰዉን ፊት አየት ያደርጋሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ልበ ደረቅ» እል ነበር። እኔ ግን ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ጥሩ ገጣሚ መድረክ ላይ ሆኖ መስመሩ መድረስ አለመድረሱን የሚያይበት ነው።

ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠን ጠጋ አልኳቸው።

«እማማ፣ ይኼን ሁሉ ከየት ያመጡታል? ብዙ ሐዘን ቢያዩ ነው መቼም …»

«ሐዘንማ ማን ያላየ አለ ልጄ!» አሉኝ። «ሐዘን ግጥም ቢያወጣማ አገሩ ሁሉ አልቃሽ በሆነ።»

ሠላሳ ገጽ የሌክቸር ማስታወሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሄደ! ግን በዚህ አላበቁም። ወንድ ልጃቸው የሞተ ቀን ሰው ሁሉ የእሳቸውን ሙሾ ሲጠብቅ አንዲት ቃል እንዳልወጣቸው ነገሩኝ። «እዬዬ እንኳ ጠፋኝ። እኔ ድፍን አገሩን ያስለቀስኩት ለልጄ ሌላ አልቃሽ ከሞላሌ አስመጡለት።» ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሆኑ። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ገብስ ሲፈትጉ፣ ሳያስቡት አንድ ቤት መጣላቸው። ከዚያ ሌላ። ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ ተነሥተው ገብሱን ጨረሱ።

«ሐዘን እሳት ነው ልጄ» አሉና እጃቸውን ወደ ምድጃው ዘረጉ። «እሳት ዳር ትሞቃለህ። እሳት ውስጥ ሆኖ ግን ማን ይሞቃል?»

* * *

ልጁ ከጥግ ሆኖ ይሰማን ነበር። እንግዳው ሲሳሳ ከአባቱ መሥሪያ አጠገብ አጠገቤ ተቀመጠ። እጁ ሥራ አይፈታም፤ ክር ያጠነጥናል።

«መምህር፣ ሰሌዳ ላይ የጻፏትን ያስታውሷታል?» አለኝ።

የትኛዋን አላልኩም። አውቄያለሁ።

የነገረኝን እሱ ስለፈቀደልኝ ነው የምጽፈው። ከተመረቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታመመ። አንዳንዴ ለሳምንታት እንቅልፍ የሚባል አያውቅም፤ ሐሳቡ ይጋልባል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከአልጋ መነሣት ያቅተዋል። ሐኪም መድኃኒት አዘዘለት። «የመጀመሪያውን ወር ዋጥኩት» አለኝ። «እንቅልፌ ተመለሰ። ሰው ሆንኩ። ግጥም ግን አልመጣልኝም። ያኔ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትዝ አለችኝ። እናቲቱን ገድዬ ልጇን ከየት አገኛለሁ አልኩና ክኒኑን ሽንት ቤት ጨመርኩት።»

ሦስት ዓመት ያለ መድኃኒት ኖረ። ሥራው ሄደ። ትዳሩ ሄደ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ማደር ጀመረ። አባቱ፣ ያ አገሩን ያለበሱት ሰው፣ መሥሪያቸውን ዘግተው ወጥተው ሁለት ሳምንት ፈልገው አገኙትና መዘዞ አመጡት። ጠዋት ጠበል ይወስዱታል፤ በቀጠሮው ደግሞ ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ። «አባቴ ጠበሉንና ክኒኑን አያጣላቸውም ነበር» አለኝ። ቀን ቀን ክር ያስጠነጥኑታል።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ያን ሁሉ ሰምቼ የጠየቅሁት ምን ነበር? «በእነዚያ ሦስት ዓመታትስ … ምን ጻፍክ?» አልኩት። አያችሁልኝ? አንድ ትልቅ ግጥም እንዲያወጣልኝና እንዲያሳየኝ እየጠበቅሁ ነበር። ግጥሙ ስሕተቴን እንዲከፍልልኝ።

«ሦስት ደብተር ሞልቻለሁ» አለኝ። «ለራሴም አይነበበኝም።»

* * *

አዲስ አበባ ተመልሼ እንቅልፍ አጣሁ። ዕድሜ ልኬን ሳላጣራ ያስተማርኩትን ማጣራት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ለእኔ የሚመች ነበር። ናንሲ አንድሪያሰን የምትባል የአእምሮ ሐኪም፣ ሐኪም ከመሆኗ በፊት እንደኔው የሥነ ጽሑፍ መምህርት የነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ጥናት አውጥታለች። ቦታው በአሜሪካ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የእኛው ዳኛቸው ወርቁ ለጽሑፍ ሥራ ወደሄደበት። 30 ደራስያንንና 30 ሌሎች ሰዎችን አነጻጸረች። ከደራስያኑ 80 ከመቶው፣ ከሌሎቹ ግን 30 ከመቶው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ የመንፈስ ጭንቀት ወይም መሰል የስሜት ሕመም ደርሶባቸዋል። ይኸው! መምህሩ ትክክል ነበር! ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረው።

ዝቅ ብዬ ሳነብ ግን የመዘዞዋን እናት አገኘኋቸው። እነዚያ ደራስያን ሕመሙ በበረታባቸው ጊዜ አይጽፉም ነበር። የሚጽፉት ሲሻላቸው ነው፤ በሁለት ሕመም መሀል ባለችው ፋታ። የእኔው ቫን ጎህም እንዲሁ ነው። ሳን ሬሚ በሚባለው የሕሙማን ማደሪያ በቆየባት አንድ ዓመት 150 ያህል ሥዕል ሠርቷል፤ ሕመሙ ሲነሣበት ግን ለሳምንታት ሥራው የሚቋረጥበት ጊዜ ነበር። እኔ ለተማሪዎቼ የነገርኳቸው የጆሮውን ነገር ነው። ከሕመሙ ገና ሳያገግም ለሥራ የሚጓጓውን ታታሪ ሰው ነገሬም አላልኩት።

በስዊድን ከሚሊዮን በላይ ሕሙማንን መዝገብ ያገላበጡ ሰዎችም እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት አለ። ባለ ጥበቦች ከሌላው ሰው በተለየ በአእምሮ ሕመም ሁሉ አይጠቁም፤ ሞቅታና ድብርት የሚፈራረቁበት ሕመም ግን ይበዛባቸዋል፤ ደራስያን ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ። እኔን ያስደነቀኝ ሌላው ውጤት ነው። የአንዳንዶቹ ሕሙማን የቅርብ የሥጋ ዘመዶች፣ ወንድምና እኅቶቻቸው፣ በጥበብ ሥራ ላይ ከተለመደው በዝተው ተገኝተዋል። ይኼ ማለት ስጦታውና ሕመሙ ጎረቤታሞች ይሆኑ እንደሆነ እንጂ አንዱ የሌላው እናት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

መድኃኒቱስ? ሞገንስ ሾው የተባለው የዴንማርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1979 ሊትየም የሚወስዱ 24 የጥበብ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። 12ቱ ሥራችን ጨመረ አሉ። 6ቱ ለውጥ የለውም አሉ። 6ቱ ቀነሰብን አሉ። እነዚህን 6 ሰዎች አልደብቅም፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

* * *

ከዚያ መጋቢት 2015 ዓ.ም. እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ። ሰው ሁሉ ፒያኗቸውን ከፈተ፤ ሁሉም «ሐዘኗ ነው እንዲህ ያስጫወታት» አለ። እኔም ድሮ ብሆን እል ነበር። በሕይወታቸው የሚያሳዝን አልጠፋማ! በፋሺስት ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አዚናራ ደሴት ታስረዋል። በወጣትነታቸው ሎንዶን ሄደው ሙዚቃ እንዲማሩ ዕድል ተገኝቶ ሳለ ተከለከሉ፤ ከዚህ የተነሣ ምግብ አልቀምስም ብለው ለሞት ተቃርበው ነበር።

እስቲ ልብ እንበል። በዚያ ሐዘን ጫፍ ላይ ሳሉ ምን ደረሱ? ምንም። ዓለምን ትተው መነኰሱ፤ ግሸን ማርያም ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። እኛ የምንሰማው ዜማ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ጸሎታቸውን ይዘው ወደ ፒያኖው ሲመለሱ ነው። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ለወላጅ አልባ ሕፃናት ነበር። እሳት ውስጥ አልነበሩም። እሳት ዳር ተቀምጠው ሌላውን ያሞቁ ነበር።

ገብረ ክርስቶስ ደስታም ብዙዎቻችን የምናውቀውን የአገር ናፍቆት ግጥሙን የጻፈው ጀርመን ተማሪ ሳለ ነው፤ ተመልሶ እንደሚመጣ እያወቀ። መመለሻ ያጣበት እውነተኛው ስደት ግን በ1973 ዓ.ም. ኦክላሆማ ውስጥ ገደለው። ናፍቆት ከመመለሻ ትኬት ጋር ግጥም ይሆናል፤ ያለ ትኬት ግን … ሰው ይበላል።

በዓሉ ግርማንማ በዚያ የሐዘን ዝርዝር ውስጥ በማስገባቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። ይኼ ትካዜ ነው እንዴ? ይኼ ግፍ ነው። ግፉን «የደራሲ ሐዘን» ብለን ስናሳምረው ግፈኛው ሹልክ ብሎ ይወጣልናል።

ለነገሩ እኔ ብቻዬን አላጠፋሁም። እናንተም አላችሁበት። ዘፋኝ ሲስቅ «ኮመዲ ሆነ» እንላለን፤ ሲያለቅስ «አንጀቴን በላው» እንላለን። ቤት ኪራይ ያቃተውን ሠዓሊ «የጥበብ ሰው አይደል» ብለን እናልፈዋለን፤ ድህነቱ የተሰጥኦው ምስክር ይመስል። ሲታመም የእርዳታ ኮሚቴ እናቋቁማለን፤ ሲሞት ሐውልት እንላለን። ጤነኛ ሆኖ፣ ጥርሱን አሳክሞ፣ ልጆቹን እያስተማረ ቢጽፍስ? «ድሮ ቀረ!» እንላለን። የሰው አንጀት ሲቃጠል እኛ የምንሞቅ ከሆነ እሳት ዳር የተቀመጥነው እኛ ነን፤ ማገዶው እሱ።

* * *

መንዜው ዛሬም መዘዞ ነው። የአባቱን መሥሪያ ወርሷል። ክኒኑን ይውጣል። በየጊዜው እንደዋወላለን።

ከስድስቱ አንዱ ነው። «ጎርፉ ቀርቷል መምህር» ብሎኛል፤ «ያለው ምንጭ ነው።» በወር አንድ ግጥም ቢጽፍ ነው። አንዳንዴ በስልክ ያነብልኛል። ከድሮው ይበልጣል ብዬ አልዋሻችሁም፤ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኖ እንደጻፋቸው የሚሆን አንዳንዱ ብቻ ነው። ያጣው ነገር አለ፤ እሱም ያውቀዋል፤ ክኒኑን በየቀኑ የሚውጠው ይኼን እያወቀ ነው። ግን ግጥሙ ይነበበዋል። እሱም አለ።

ባለፈው ሲደውል ስለዚህ ጽሑፍ ነገርኩት። «ይጻፉት» አለኝ። «የክፍላችን ልጆች ደብተራቸውን ያስቀመጡ አይጠፉም።»

እንግዲህ እንዲህ ብዬ ልጻፈው፦

እርማት። በ1997 ዓ.ም. በሥነ ጽሑፍ ክፍል ሰሌዳ ላይ «ሐዘን የጥበብ እናት ናት» ተብሎ የተጻፈው ስሕተት ስለሆነ ከደብተራችሁ ይሰረዝ። በዚያ ምክንያት የታዘዘለትን መድኃኒት ያቆመ ካለ ዛሬውኑ ሐኪሙን ያማክር። መምህሩ ይቅርታ ይጠይቃል።